የሰው ዜማ፣ የሰው ግጥም

የያዙኝ አኮርዲዮን አንግቤ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በቀበሌያችን አዳራሽ የኪነት ቡድኑን እያለማመድኩ ሳለ ሁለት የአብዮት ጥበቃዎች ገቡና አንደኛው በጠመንጃው አፈሙዝ ጠቆመኝ። ዘፈኑን አላቋረጥኩም፤ አዝማቹን እስከ መጨረሻው ተጫውቼ ነው የቆምኩት። ልብ ኖሮኝ አይደለም፤ መሀል ላይ የተቆረጠ ዘፈን አልወድም፣ ዛሬም አልወድም። «እሱንም ይዘኸው ና» አለኝ፣ አኮርዲዮኑን ማለቱ ነበር። እንዲህ ሆነና ሁለታችንም ታሰርን።

የወሰዱኝ ከሽሮ ሜዳ ቁልቁል ሲወርዱ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ወዳለ አንድ የተወረሰ ቪላ ነው። ቀበሌዎቹን ከበላይ ሆኖ የሚያዘው የከፍተኛው ጽሕፈት ቤት እስር ቤት አድርጎት ነበር። እኛ የታጎርነው ጋራዡ ውስጥ ነው። ለሁለት መኪና ተብሎ የተሠራ ቤት ሃያ ሰባት ሰው ይዟል። መጀመሪያ ያየሁት ወለሉን ነው፤ ሲሚንቶው መሀል ላይ የቀድሞው ባለቤት መኪና ያንጠባጠበው ዘይት ትልቅ ጥቁር እድፍ ሠርቷል። አዲስ ገቢ የሚተኛው እድፉ ላይ ነው። ናፍታ ናፍታ ይሸታል። የቆርቆሮው በር ከሥሩ አንድ ስንዝር ያህል ስለማይገጥም፣ በሆዱ የተኛ ሰው ከበሩ ሥር የቆመውን እስከ ቁርጭምጭሚት፣ ራቅ ብሎ የቆመውን እስከ ወገብ ያያል። በዚያ ክፍተት ብዙ ጫማ አይቻለሁ።

ለምን እንደታሰርኩ ለመናገር ስለ ዘፈኑ መናገር አለብኝ። በዚያ ዘመን የኪነት ቡድን የሌለው ቀበሌ አልነበረም፤ ቡድኖቹም ይወዳደራሉ። እኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነው፣ አኮርዲዮን እጫወታለሁ፣ ትሕትና የሚባል ነገር ደግሞ አልፈጠረብኝም። ለውድድሩ አንድ የሰልፍ ዘፈን አመጣሁ።

ጉለሌ ተነሥቷል ክንዱን አስተባብሮ፣
ነገን ይገነባል ዛሬውን ተሻግሮ።

ቃላቱን ያወጡት የቀበሌው ካድሬዎች ናቸው፤ እንደምታዩት ማንም ሊያወጣው የሚችል ነው። ዜማው ግን የሚያስደነግጥ ነበር። አንዴ የሰማው ሰው ቀኑን ሙሉ ሲያንጎራጉር ይውላል። «ይኼን ዜማ ከየት አመጣኸው?» ሲሉኝ «ከዚህ» እያልኩ ደረቴን እመታለሁ። አንደኛ ወጣን። ሊቀመንበሩ ግን ዘፈኑ በተጻፈበት ወረቀት ላይ ስሜን አስፍቆ «ግጥምና ዜማ፦ ሰፊው ሕዝብ» አስባለበት። የግል ስም አድኃሪነት ነው አለኝ። አንድ ሳምንት ሙሉ እህል አልበላ ብሎኝ ከረመ። ስሜን እንዲህ እወደው ነበር።

ከዚያ ዘፈኑን የስኳር ሰልፈኞች ወሰዱት። የቀበሌ ሱቅ ስኳር መጣ ሲባል እናቶች ማለዳ መጥተው ዘንቢላቸውን በተራ ደርድረው ወደ ጉዳያቸው ይሄዳሉ። ዘንቢሉ ባለቤቱን ሆኖ ይሰለፋል፤ የሰው ዘንቢል ከተራው የሚያነሣ ሰው የለም። ከዕለታት አንድ ቀን በልምምድ መሀል፣ በቡድናችን ዘፈኑን እያወጣች የምትመራው ሴት ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ በኔው ዜማ ይኼን አለችልኝ።

ጉለሌ ተሰልፏል ዘንቢሉን ደርድሮ፣
ስኳር ይልሳል ነገ ዛሬን ጾሙን አድሮ።

እሷ ጥጥ ፈትላ ፈትሉን ለሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች እየሸጠች ልጆቿን የምታሳድግ ናት። የመጨረሻው ገና ጡት አልጣለም፤ አዝላው ነበር የምትዘፍነው። እንባዬ እስኪወርድ ሳቅሁ። ስቄ ባበቃ ደግ ነበር። እኔ ጅሉ አኮርዲዮኑን አነሣሁና አጀብኳት፤ የሰሙም ነበሩ። በሳምንቱ የስኳሩ ሰልፍ ሁሉ እሱን ይላል። በአሥራ አምስት ቀኑ ጳውሎስ ደርሶ፣ ከሆስፒታሉ አጥር ሥር ወረፋ የሚጠብቀው በሽተኛ ያንጎራጉረዋል አሉ። ከዚያ ትልቅ ስብሰባ ተጠራና ዘፈናችንን እንድናሰማ ታዘዝን። ገና መግቢያውን ስመታ፣ ማንም አፉን ሳይከፍት፣ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ያልሳቁት መድረክ ላይ የተቀመጡት ሹሞች ብቻ ናቸው። የያዙኝ በሚቀጥለው ቅዳሜ ነው።

ሰኞ ጠዋት ለምርመራ ተጠራሁ። መርማሪው የቪላው ሳሎን ውስጥ ጠረጴዛ ዘርግቶ ነው የሚሠራው። ቀጠን ያለ፣ ልብሱ የተተኮሰ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነው።

«ግጥሙን የቀየረው ማነው?» አለኝ።

«አላውቅም።»

«ዜማው የማነው?»

«ወረቀቱ ላይ የሰፊው ሕዝብ ነው ይላል፣ ጓድ» አልኩት።

ለዚህ መልስ የተቀጣሁት ውስጥ እግሬን ነው። ሲበቃቸው ወንበር ላይ አስቀመጡኝና መርማሪው ውሃ አስመጣልኝ።

«ስማ፣ አንተን አልፈልግህም» አለ። «አንተ ስምህን የምትወድ ሙዚቀኛ ነህ፣ በቃ። ይኼ ግን የሴት ግጥም ነው። ዘንቢል መደርደር የምታውቅ ሴት ናት ያወጣችው። ስሟን ስጠኝና አኮርዲዮንህን ይዘህ ወደ ቤትህ ሂድ። እስከ ነገ ጠዋት አስብበት።»

ይኼን ብሎ መዝገቡን መጻፍ ያዘ። ሲጽፍ በአፍንጫው ያንጎራጉራል። ዜማው የኔ ነው፤ ከንፈሩ ላይ የነበረው ቃል ግን የካድሬዎቹ አልነበረም። ራሱም አላወቀውም። እግሬ ባይነድ ኖሮ እስቅ ነበር።

ሁለት እስረኞች ደግፈው ወደ ጋራዡ መለሱኝ። የክፍላችን ደንብ፣ ከምርመራ የተመለሰን ሰው ምን ተባልክ ብሎ መጠየቅ ይከለክላል። ካቦው፣ ማለትም የክፍሉ አለቃ፣ ድሮ የአውቶቡስ ትኬት ቆራጭ የነበረ ተጫዋች ሰው ነው። እግሬን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ሲያበቃ፣ «አንተ ዘፋኝ ነህ አሉ» አለኝ። «እስቲ በቀስታ ያሳሰረህን አሰማን። ቃሉን ተወው፣ ጆሮ ጠቢ አይጠፋም። ዜማውን ብቻ።»

የውሃውን ጀሪካን አስጠጉልኝና በጣቴ እየመታሁ በአፍንጫዬ አወረድኩት። እንዲያ ሆኜም እንኳ በዜማው ኮራሁ። ሰዉ ራሱን መነቅነቅ ጀመረ። አንድ ሽማግሌ ብቻ፣ ከማእዘኑ፣ ራሳቸውን ሳይሆን እግራቸውን ያንቀሳቅሳሉ። የሽሮ ሜዳ ሸማኔ ናቸው፤ ከማኅበር ውጪ ፈትል ገዝተው በግላቸው ነጠላ ሠርተዋል ተብለው ነው የገቡት። ቀኝ እግራቸውን ይረግጣሉ፣ ግራውን ይረግጣሉ፣ ከዚያ ቆም ይላሉ። እኔ አልቆምም። እንደገና ይጀምሩና እንደገና ጥያቸው እሄዳለሁ። በመጨረሻ እጃቸውን አነሡ።

«ልጄ፣ እዚህ ጋ ዝም ማለት ነበረብህ» አሉኝ።

«የት ጋ፣ አባባ?»

«መወርወሪያው በድሩ መሀል ሲያልፍ። ትረግጣለህ፣ ትወረውራለህ፣ በወዲያኛው እጅህ እስክትቀበለው ዝም ትላለህ። ከዚያ ሁለት ጊዜ ትመታለህ። አንተ ዝም የሚባልበትን በልተኸዋል።»

«ይኼ የሰልፍ ዘፈን ነው፣ አባባ። ዜማውም የኔ ነው።»

«የማን ቤት ሰማኸው?» አሉኝ፣ ምንም ሳይቆጡ።

ያደግሁት ከሸማኔዎች ሠፈር ጀርባ ነው። ትምህርት ቤት ስሄድ ሦስት ሸማኔዎች ጎን ለጎን፣ እግራቸውን ጉድጓድ ከትተው እየሠሩ በቋንቋቸው የሚሉትን ዜማ ዓመት ከዓመት ሰምቻለሁ። ቃሉን አላውቀውም፤ ዜማውን ግን በደንብ አውቀዋለሁ። ለውድድሩ ሳመጣው ሰልፈኛ መሀል ላይ እንዳይቆምብኝ ብዬ ዕረፍቱን ያወጣሁት እኔው ነኝ። ሳላውቅ አልነበረም የወሰድኩት። አውቄ ነው። «ከዚህ» ብዬ ደረቴን ስመታም አውቅ ነበር።

«ከናንተ ሠፈር ነው የሰማሁት» አልኳቸው።

ካቦው ጉሮሮውን ጠረገ። «ይገርማል» አለ፣ «እስካሁን ይኼ ክፍል ውስጥ በሌብነት የገባ ሰው አልነበረንም።» ሃያ ስድስት ሰው ሳቀብኝ። የሰው ወርቅ አያደምቅ የሚባለውን ተረት ያን ቀን ነው በደንብ የተረዳሁት። ፊቴ ከእግሬ ይልቅ ይነድ ነበር።

ምሳ ሰዓት ሲደርስ በሆዴ ተኝቼ በበሩ ሥር ወደ ውጪ አየሁ። ስንቅ አመላላሾች ከግቢው በር ላይ ተራ ይይዛሉ። እናቴ የመጣች እንደሆነ ጫማዋን ልፈልግ ብዬ ነው። ጫማዋን አላየሁም፤ ዘንቢሎቹን አየሁ። በመስመር ተደርድረዋል። ከመሀላቸው በቀይ ክር የተጠገነ እጀታ ያለው የዚያች ሴት ዘንቢል ነበር፤ ለኔ ስንቅ ይዛ መምጣቷ ነው። ስኳር ሰልፉ ላይ መቶ ጊዜ አይቼዋለሁ። ከዘንቢሉ አጠገብ ጫማ የሌለው የልጅ እግር ከእናቱ ጀርባ ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል። ፈራሁ። ለራሴ ከፈራሁት የበለጠ ፈራሁ፤ ያቺ ሴት ስሟ በአፌ ውስጥ ተቀምጦ ሳለ በራሷ እግር እስከ በሩ መጥታለች።

ሸማኔው ሽማግሌ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። እሳቸውም ጎንበስ ብለው ተመለከቱ።

«እሷን ነው የሚፈልጉት?» አሉኝ በሹክሹክታ።

ፊቴን ከክፍተቱ መለስኩ።

«አትንገረኝ። ፈትል ትሸጥልኝ ነበር፤ ምላሷን አውቀዋለሁ። ስማኝ ልጄ። እኔ እንደሆነ ታስሬያለሁ። ዜማው የሸማኔው ነው በላቸው፤ ግጥሙንም እሱ ነው ያወጣው በል። ግማሹ እውነት ነው።»

«አባባ፣ ይኼማ አይሆንም።»

«ሳትጠይቅ ወስደህ የለ? አሁን ራሴ ስሰጥህ ትግደረደራለህ?»

አልዋሽም፣ ጓጉቻለሁ። ሽማግሌው ቆራጥ ናቸው፣ እኔ ወጣት ነኝ፣ እግሬ ደግሞ ሁለተኛ ዙር የሚችል አልመሰለኝም። አንድ ነገር ብቻ አላስችል አለኝ። ዜማቸውን ወስጄ ጭብጨባውን ለራሴ አደረግሁ፤ አሁን ደግሞ እስሩን ለሳቸው ልተውላቸው ነው። እንዲህ ያለ ሌባ ሌቦችም አይወዱትም።

በማግስቱ ጠዋት መርማሪው ፊት ተቀመጥኩ።

«እሺ፣ ስሟን» አለኝ።

«ሴት የለችም። ግጥሙ የኔ ነው።»

ብዕሩን አስቀመጠ። «አንተ ዘንቢል የት ታውቃለህ?»

«እናቴ ጉልበቷን ስትታመም የምሰለፈው እኔ ነኝ።»

«ትላንት ለምን አልተናገርክም?»

«አፍሬ ነው፣ ጓድ። ሁለተኛው ስንኝ አልጣመኝም ነበር።»

ፈገግ አለ። ከዚያ ያልጠበቅሁትን አመጣ። «ገጣሚ ከሆንክ እንግዲህ ቀጥልበት። ሌላ ሁለት ስንኝ ጨምርልኝ። አሁን። በዚያው ቤት የሚመታ።»

እኔ በሕይወቴ ግጥም ጽፌ አላውቅም። ጣቴ እንጂ ምላሴ አይሠራም። እሱም ይኼን ያወቀ ይመስለኛል። ወረቀት አልሰጠኝም፤ ሰዓቱን ፈትቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። የሳሎኑ መስኮት ወደ ግቢው በር ያሳያል። ቀና ስል በጠዋቱ የመጡ ዘንቢሎች በአጥሩ ሥር እንደ ትላንቱ ተደርድረዋል፤ ባለቤቶቻቸው ፀሐይ ፍለጋ ወዲያ ማዶ ቆመዋል። ዜማውን በልቤ ጀመርኩት። የሸማኔው ዕረፍት ጋ ስደርስ ዝም አልኩ። እንዲያ ዝም ብዬ ሳለ ቃሉ መጣ።

እዚህም ተሰልፏል ስንቁንም ቋጥሮ፣
ልጁን ይጠይቃል ከጠዋት ጀምሮ።

ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የደነገጥኩት፤ ከመጀመሪያው የከፋ ነበር። መርማሪው ወደ መስኮቱ ዞሮ አየ። ከዚያ ተመልሶ ሁለቱን ስንኞች አንድ ፊደል ሳያጓድል መዝገቡ ላይ ጻፋቸው፤ ቤቱ መምታቱን ሲያረጋግጥ ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ነበር።

«የምርም የአንተ ነው» አለ። «ፈርም።»

ፈረምኩ። ስሜ በዘፈን ላይ ተጽፎ ሳይፋቅ ሲቀር ያን ጊዜ የመጀመሪያው ነው። ያን ያህል ስናፍቀው ኖሬ ምርመራ መዝገብ ላይ አገኘሁት።

ስመለስ ሽማግሌው በሩ አጠገብ ይጠብቁኝ ነበር። እቃቸውን ቋጥረው ተዘጋጅተዋል፤ የሚጠሩ መስሏቸው ነው።

«ሰጠሃቸው የኔን ስም?»

«አልሰጠሁም።»

«ታዲያ ምን አልክ?»

«ግጥሙ የኔ ነው አልኩ።»

ጥቂት አዩኝና ራሳቸውን ነቀነቁ። «አሁን ደግሞ ግጥም ሰረቅህ?» አሉኝ። ጋራዡ በሳቅ ተናጋ፤ ጥበቃው በሩን በሰደፍ እስኪመታ ድረስ። ሽማግሌው ግን እጄን ይዘው ጀሪካኑ ላይ አኖሩት። እግሬ ስለማይረግጥ በመዳፌ አስተማሩኝ። ቀኝ፣ ግራ፣ ዝም፣ ሁለት ምት። ስሳሳት ያስቆሙኛል። ካቦውም ከሩቅ «ተያዘ!» ይላል። ከሰዓት በኋላውን ስንሠራ ዋልን። ሊመሽ ሲል ጋራዡ በሙሉ ጉልበቱን በመዳፉ እየመታ አብሮ ይቆማል፣ አብሮ ይነሣል። በዚያ ዝም በምንልበት ቦታ ላይ ሃያ ሰባት ሰው ትንፋሹን ሲይዝ ይሰማኛል። ታስሬ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም፤ ሳልታሰርም ብዙ ጊዜ አልሆነልኝም።

በቋንቋቸው የሚሉት ቃል ምን እንደሆነ ጠየቅኋቸው። «ክሩ ቢበጠስ አትቆጣ፣ ቀጥለው ነው የሚለው» አሉኝ።

እሳቸው በአራተኛው ወር ተለቀቁ። እኔ ዓመት ከስምንት ወር ቆየሁ። አኮርዲዮኑ ከኔ ቀድሞ ተፈትቶ ለሌላ ቀበሌ ኪነት ተሰጠ። ስወጣ መጀመሪያ የሄድኩት ወደ ሽማግሌው ነው። ዜማውን እንዲፈቅዱልኝ ስለምናቸው «መጀመሪያ አንድ ክንድ ሥራ» ብለው የሽመናው ጉድጓድ ውስጥ አስቀመጡኝ። ሠራሁ። አይተው ሲያበቁ የሠራሁትን መልሰው ፈቱት፣ ፈትሉ እንዳይባክን። ከዚያ ግን ፈቀዱልኝ። ያቺ ሴት ደግሞ ስታየኝ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ ካለቀሰች በኋላ እንባዋን በነጠላዋ ጠርጋ፣ «ግጥሜን መልስልኝ፣ አንተ ሌባ» አለችኝ። ያን ጊዜ ዘንቢሏን ይዛ በየሳምንቱ ስትመላለስ አንድ ቀን ልቧ ተሸንፎ «እኔ ነኝ» ልትላቸው ወደ በሩ እንደሄደች፣ እናቴ ክንዷን ይዛ እንደመለሰቻትም የሰማሁት ያኔ ነው።

አሁን ሽማግሌውም እሷም የሉም። ዜማው ግን አለ። ባለፈው ዓመት አንድ ስመ ጥር እየሆነ የመጣ ዘፋኝ በአዲስ ቅንብር አወጣው፤ የወሰደው ዕረፍቱ የተበላውን፣ የኔን የሰልፍ ነው። ሬዲዮ ላይ ስሰማው እጄ ብቻውን ቆም ይላል። ልጄ ተቆጣች። «አባዬ፣ ያንተን ዜማ እኮ ነው የወሰዱት፣ ዝም ትላለህ?» ብላ ጎትታ የቅጂ መብት ወደሚመዘገብበት ቢሮ ወሰደችኝ።

ቅጹን የምትሞላው ወጣት ጨዋ ናት። ዜማው የማን ነው ስትለኝ የሸማኔውን ስም ነገርኳት፤ ልጆቻቸው የት እንደሚሠሩም አስጻፍኩ። ግጥሙስ ስትለኝ የዚያችን ሴት ስም ሰጠሁ፤ ያ የታዘለው ልጅ ዛሬ የልጆች አባት ነው፣ አድራሻውን አውቃለሁ። እነዚህን ሁለት ስሞች በሌላ ቢሮ ሳልናገር የቀረሁት ለዚህ ቀን ነበር መሰለኝ። ልጄ ከጎኔ ሆና በመገረም ታየኛለች። ጸሐፊዋም ብዕሯን አቆመችና ቀና አለች።

«ይቅርታ አባቴ፣ ታዲያ የእርስዎ ምኑ ነው?»

«ሁለት ስንኝ» አልኳት፣ «እና አንድ ዓመት ከስምንት ወር።»

ቅጹን አገላብጣ አየች። «ለሁለተኛው እንኳ ቦታ የለውም።»

«ግድ የለም» አልኳት፣ «እሱን ማንም አይቀዳብኝም።» እና ፈረምኩ።